የእስክሪብቶ ሂሳብ

ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ልጅ አሳዳጊ በጅቡቲ ከተማ ያለ አይመስለኝም። በእነዚያ ሰዓታት ትልቁን ልጄን መሐንዲስ፣ ትንሿን ሐኪም አደርጋለሁ። ሁለቱንም ጨዋ፣ እውነተኛ፣ በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበር የሚነሱ አድርጌ አሳድጌ እጨርሳለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን የገነባሁት ሁሉ ይፈርሳል። ያኔ ልጆቹ «አባዬ፣ እራት በላህ?» ቢሉኝ እንኳ «በዚህ ቤት ሰላም የለም እንዴ!» ብዬ እጮሃለሁ።

ጅቡቲን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከመናገሬ በፊት ገብቶታል። ለማያውቅ ላስረዳ። ይህ ከተማ የሚሠራው ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ከድሬዳዋ በኩል የተጫነው የአወዳይ ጫት ይደርሳል፤ መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ ያከፋፍሉታል፤ ሻጮቹ ሴቶች በየጠረጴዛቸው ደርድረው እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። ከዚያ በኋላ ማዕከላዊ ገበያ ሌላ አገር ይሆናል። ጠዋት ከሐሙዲ መስጊድ ጀምሮ ሰው ሰውን እየገፋ የሚያልፍበት መንገድ ጭር ይላል። ከኢትዮጵያ የመጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ሸራ ይደረብበታል። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፤ እኔም በርበሬዬን፣ ሽሮዬንና ሚጥሚጣዬን ቆልፌ በርጫ ወዳለበት ቤት እገሰግሳለሁ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ እንኳ ከዚህ መንገድ የሚመልሰኝ ነገር የለም። ሀራራ ቴርሞሜትር አያነብም።

ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳቤ ልጆቼ ናቸው። ይህን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው የምናገረው። ሌላው ሰው ፎቅ ይሠራል፣ መርከብ ይገዛል፤ እኔ ስነ ምግባር አንጻለሁ። ከዚያ ጉንጬ እንደተወጠረ ቤት እገባና ልጆቼን አስቀምጬ እመክራለሁ። እስከ ዛሬ ከሰጠኋቸው ምክሮች ሁሉ ረጅሙና፣ እንደ እኔ ግምት፣ ምርጡ ስለ ሱስ አስከፊነት የሰጠሁት ነው። ጊዜ እንዴት እንደሚበላ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚጨርስ፣ ሰውን ከቤተሰቡ እንዴት እንደሚለይ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ስጨርስ ትንሿ እጇን አወጣች። ጥያቄ መጠየቅ በራስ የመተማመን ምልክት ነውና ደስ አለኝ።

«አባዬ፣ በየትኛው ጉንጭህ እንደምታወራ ንገረንና ወደዚያ እንዙር።»

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር ታላቅም ታናሽም «አንተ» ስለሚባል አንቱታ አልጠብቅም። ግን ትንሽ ይሉኝታ ጠብቄ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልጅ የመምከር ትምህርት ከማንም አልወሰድኩም። አባቴ በጃንሆይ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል የትምህርት ዓይነት ተምሮ ነበር፤ ሽማግሌ ሆኖም ስለ ውሸትና ስለ ትሕትና የተማረውን ይነግረን ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ደርግ ግብረ ገቡን አንስቶ ፖለቲካ ተክቶበታል። ስለዚህ ከአባቴ ዘመን በቀጥታ የወረስኩት ቁንጥጫውን ብቻ ነው። አሁን ኢትዮጵያ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለትንንሽ ልጆች መልሳዋለች፤ የእኔ ልጆች ግን እዚህ በፈረንሳይኛ ነው የሚማሩት። ስለዚህ የጎደለውን በገዛ እጄ ልሞላ ተነሳሁ። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ።

የተነሳሁት በስልክ ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ (ለምን እምቢ እንደሚለኝ ከላይ ተናግሬያለሁ) ስለ ልጅ አስተዳደግ ማየትና ማንበብ ጀመርኩ። ችግሩ የምክር ማነስ ሳይሆን ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ክብር ማነሱ ነው የሚል ነገር አነበብኩ። ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ የሚለካ መጠይቅ አውጥቷል። ከ5,000 በላይ የኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አጥንቶበታል። ዓረፍተ ነገሮቹ 10 ናቸው፤ ሰውየው በራሱ ይረካ እንደሆነ፣ ዋጋ ያለው መስሎ ይታየው እንደሆነ፣ የማይረባ ነኝ የሚል ስሜት ይሰማው እንደሆነ እያዟዟሩ ይጠይቃሉ። ነጥቡ ከዜሮ እስከ 30 ነው።

ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት ራሴ ልሞክረው ብዬ ሞላሁት። የወጣው ነጥብ ደስ አላሰኘኝም። ምናልባት ጥያቄው በደንብ አልገባኝ ይሆናል ብዬ እንደገና ሞላሁት፤ በሁለተኛው ጥያቄዎቹ በጣም ገቡኝ፤ 28 አገኘሁ። በማግስቱ ምሳ ላይ ለልጆቹ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ትልቁ ልጄ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአባቱ ፊት ተቀምጦ «የማይረባ ነኝ የሚል ስሜት ይሰማሃል?» ሲባል ምን እንደሚመልስ አስቡት። ማንኪያውን አስቀምጦ «አንዳንዴ» አለ። «መቼ መቼ?» ስለው «አሁን» አለኝ።

መጠይቁን አጠፍኩና ወደ ሙገሳ ተሸጋገርኩ። ልጅ ሲመሰገን ያብባል ተብሏልና ማመስገን ሥራዬ ሆነ። ውሃ ሲያቀብሉኝ «ድንቅ!»፣ በር ሲዘጉ «ተአምር ነው!»፣ ትንሿ የሒሳብ ቤት ሥራዋን ስትጨርስ «አንቺ እኮ የአገር ጭንቅላት ነሽ!» እል ጀመር። ልጅቷ ግንባሬን በመዳፏ ነክታ «ትኩሳትስ የለህም» አለችኝ።

ይህም ከእኔ በፊት በሌሎች ተሞክሮ ኖሯል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ቫስኮንሴሎስ የሚባል ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በ1986 ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ክብር የሚያሳድግ ግብረ ኃይል በሕግ አስቋቁሞ ነበር። ክብሩ ካደገ ወንጀሉም፣ የዕፅ ሱሱም፣ ትምህርት ማቋረጡም ይቀንሳል ተባለ። ኋላ፣ በ2003፣ ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የተጠራቀሙትን ጥናቶች አገላብጠው ሲያዩ፣ ልጁ ስለ ራሱ ያለውን ስሜት ብቻ ከፍ ማድረግ የትምህርት ውጤቱን እንደማያሻሽል ጻፉ። ካሮል ድዌክና ክላውዲያ ሙለር ደግሞ ቀደም ብለው፣ በ1998፣ ከዚህ የባሰ ለእኔ የሚያሳፍር ነገር አግኝተዋል። «ጎበዝ ጭንቅላት አለህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች፣ «ጥሩ ለፍተሃል» ከተባሉት ይልቅ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ከዚያም ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ እንዲነግሩ ሲጠየቁ ጥቂት የማይባሉት ነጥባቸውን አሳብጠው ተናገሩ።

ይህን ሳነብ 28 ያገኘሁበት ወረቀት ትዝ አለኝና ስልኩን ዘጋሁት።

ሆላንዳዊው ኤዲ ብሩመልማን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ደግሞ የቀረችኝን ወሰዳት። ልጆች የቫን ጎህን የአበባ ሥዕል እያዩ እንዲስሉ ተደረገና አንዳንዶቹ «በጣም የሚገርም ሥዕል ነው!» የሚል የተጋነነ ሙገሳ ተጻፈላቸው። በራሳቸው የማይተማመኑት ልጆች ሙገሳው ሲበዛባቸው በኋላ ከባዱን ሥዕል ሸሹ። ለካ «ተአምር ነው» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ተአምር ባይወጣውስ ብሎ ይፈራል። ሙገሳ ይበልጥ የሚጋነነው ደግሞ በራሳቸው ለማይተማመኑት ልጆች ነው፤ ትልቅ ሰው ያዝንላቸውና ያበዛዋል። እኔ በሩን የዘጋውን ልጄን ያመሰገንኩት በዚሁ ሐዘኔታ ነበር። እሱ ግን በር መዝጋት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ይችላል።

ከሙገሳ ስወርድ ያረፍኩት ማወዳደር ላይ ነው፤ የድሮ ቤቴ ነው። የጎረቤታችን ልጅ በክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የእኔ ልጅ ዋጋ ይወርዳል፤ ያ ልጅ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ተይዞ ሲመጣ የእኔ ልጅ ዋጋ ይወጣል። ሁልጊዜ ብርና ፍራንክ ስለምመነዝር ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ከ1973 ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር በ177.721 ሆኖ ተቆርጦለት ቆሟል፤ ጎረቤቱ ወደቀ ተነሳ ብሎ አይንቀጠቀጥም። የልጄን ዋጋ ግን እኔ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገበያው እንደተለቀቀለት ብር ጠዋት ጠዋት እተምን ነበር። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «አንተ ራስህ ዛሬ በስንት ተመነዘርክ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የፈረንሳይኛዬ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። እዚህ ብዙ ዓመት ኖሬ ፈረንሳይኛዬ ከገበያ አይወጣም። ኪሎ አውቃለሁ፣ «ውድ ነው» አውቃለሁ፣ «ነገ እከፍላለሁ» በጣም አውቃለሁ። በሶማሊኛና በአረብኛም ከዚያ የሚሻል የለኝም፤ ደንበኞቼ አማርኛ ስለሚችሉ አስንፈውኛል። ስለዚህ ወረቀት ያለበት ሥራ ሁሉ የልጄ ነው። መሥሪያ ቤት ስንሄድ እሱ ይናገራል፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ኮስተር እላለሁ። ስንወጣ ግን «ትልቅ ሰው እያለ ምን አስቀደመህ?» ብዬ እቆጣዋለሁ። ኃላፊነቱን ለእሱ፣ ክብሩን ለእኔ። ይህን አሠራር ለዓመታት ያለ አንዳች ኀፍረት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

የወላጆች ስብሰባ ላይም አስተርጓሚዬ እሱ ነው፤ ተከሳሹ አስተርጓሚ የሆነበት ችሎት ማለት ነው። መምህሩ ብዙ ተናገረ፤ እጁን አወናጨፈ፤ ደብተር ገልጦ አሳየ። ልጄ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ወደ እኔ ዞሮ «ክፍል ውስጥ በጣም ይሳተፋል ይላል» አለኝ። መምህሩን በሁለት እጄ ጨብጬ አመሰገንኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ዓይኑን አፈጠጠ። የሰማሁትን እውነት ብዬ ሳይሆን ፈረንሳይኛ አለማወቄ ከሚታወቅ ይሻላል ብዬ ነው ያመሰገንኩት። ከኋላዬ የነበረች የተማሪ እናት ውጭ ደርሳብኝ መምህሩ ያለውን በትክክል ነገረችኝ። ልጄን እዚያው ልቆጣው ፈለግሁ፤ ግን ለመቆጣት መጀመሪያ ምንም እንዳልገባኝ ማመን ነበረብኝ። ዝም ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልጄም ዝም አለ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን ውሸት ተሸክመን ቤት ገባን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀድሞ በገጣሚው በራምቦ ስም ይጠራ በነበረው ማህሙድ ሐርቢ አደባባይ አካባቢ ሰሪፍሌ የሚባሉት ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች አሉ። በርጩማቸው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ትልቅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ብር፣ ዶላርና ፍራንክ ይመነዝራሉ። ከእነሱ አንዷን ልጆቼ «ኤዶ» ይሏታል፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ብር ሲኖረኝ ልጄን ወደ እሷ እልከዋለሁ።

አንድ ቀን ገበያው ከቀትር እረፍቱ ሲከፈት ልኬው ቆየብኝ። ሱቁን አስጠብቄ ልፈልገው ወጣሁ። ሳየው በኤዶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳዋ ጭኑ ላይ ነው። እሷ የለችም፤ ለዐስር ሶላት ሄዳለች። ቦርሳውን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ተቀምጧል። ሰው መጥቶ ዶላር ሲያሳየው በሶማሊኛ አንድ ነገር አለውና ሰውየው በትሕትና ቆሞ ጠበቀ። ይህ ልጅ «ጀርባህን አቅና!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የጮህኩበት ልጅ ነው። ማንም ሳይጮህበት አቅንቷል።

ኤዶ ተመልሳ ቦርሳዋን ወሰደች። አልከፈተችውም፤ አልቆጠረችም። ጃንጥላዋን አስተካክላ ደንበኛዋን ጠራች።

ልጄ የእኔን ፍራንክ ይዞ ሱቅ መጣ። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። እኔ ምን አደረግሁ? ተቀብዬ ቆጠርኩ። ጣቴን በምራቄ እያረጠብኩ የአስር ሺውን ለብቻ፣ የአምስት ሺውን ለብቻ ቆጠርኩ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ደግሜ ቆጠርኩ። ልክ ነበር። «ጎበዝ!» አልኩት።

«ኤዶ ግን አልቆጠረችም» አለኝ፤ ሚጥሚጣውን አንስቶ ለደንበኛ መመዘን ጀመረ።

ቅናት እንዲህ እንደሚያንገበግብ አላውቅም ነበር። ኤዶን ሳገኛት «ልጅ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ ገንዘብ እንዴት ትተዪለታለሽ?» አልኳት። ለእኛ ለሐበሾች ባስቀመጠችው ስብርብር አማርኛዋ «እሱን አምናለሁ። የማላምነው አንተን ነው፤ ያለፈው ወር ሁለት ሺህ ፍራንክ አለብህ» አለችኝ። እውነት ነው፣ አለብኝ።

እንዴት እንደሚታመን ከገበያ ሴት መማሬ ስላበሳጨኝ አኩርፌ ሰነበትኩና የሱቁን የዱቤ መዝገብ ለልጄ ልሰጠው ወሰንኩ። አስተዋይነት እንዳይመስላችሁ፤ ከኤዶ በልጬ ለመታየት ነው። ከዚህ በፊት ልጁ ሂሳቡን ልያዝልህ ባለ ቁጥር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልኩ እመልሰው ነበር። አሁን ግን በእናቱና በእህቱ ፊት መዝገቡን በሁለት እጄ አስረክቤ ስለ ኃላፊነት ንግግር አደረግሁ። ምርቃናው ገና አልለቀቀኝም ነበርና ንግግሩ ጥሩ ነበር። ዓይኔ እንባ እንኳ አቅርሮ ነበር።

መዝገቡ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ረስቼ ነበር።

ልጁ ያን ዕለት ማታ ስልኩ ላይ እየደመረ ተቀመጠ። እህቱ ከጎኑ ናት። ቆየና «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ። «ጠይቅ እንጂ!» አልኩ በኩራት።

«በወር ለእስክሪብቶ የምናወጣው ከሱቁ ኪራይ ይበልጣል። ምን ዓይነት እስክሪብቶ ነው?»

ባለቤቴ አልፎ አልፎ መዝገቡን ስለምታገላብጠው የጫቱን ወጪ ከመጀመሪያው ጀምሮ «የልጆች እስክሪብቶ» ብዬ ነበር የማስገባው። በጊዜው ብልህነት መስሎኝ ነበር፤ ለትምህርት የወጣ ገንዘብን ማን ይጠይቃል? ገጽ በገጽ፣ ቀን በቀን፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ እስክሪብቶ፣ እስክሪብቶ፣ እስክሪብቶ ይላል። ዓርብ ሁለት እስክሪብቶ። በበዓል ቀን እንግዳ ስለነበር አምስት እስክሪብቶ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ሳትል «እኔን አትየኝ፣ እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለች። «ጥርስ የሚያበልዝ እስክሪብቶ የት አገር አለ?»

ልጁ ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ልክ ኤዶ ቦርሳዋን ስትቀበለው እንዳደረገችው ምንም ሳይል ገጹን ገለጠና «ከአሁን በኋላ በምን ስም ላስገባው?» አለኝ።

«ልዩ ልዩ በለው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ልዩ ልዩ ውስጥ እማዬ የራሷ ነገር አላት» አለና እናቱን ሳያይ አንድ አዲስ ዓምድ አስምሮ በጉልህ «ጫት» ብሎ ጻፈበት። ቀጥሎ የወሩን ጣሪያ ጠየቀኝ። የነገርኩትን ቁጥር በግማሽ ቆረጠው። ተከራከርኩ፤ የሱቁን ኪራይ እያሳየ ተከራከረኝ፤ በመጨረሻ እኔ ካልኩት ይልቅ ወደ እሱ የቀረበ ላይ ተስማማን። ባለፈው ሳምንት እንግዳ ይመጣብኛል ብዬ ጭማሪ ብጠይቀው የእንግዳውን ስም ጠየቀኝ።

ትንሿ ያን ማታ ምንም ሳትናገር ቆይታ የራሷን ሂሳብ ሠርታ ነበር። በስሟ እስከ ዛሬ የተገዛው እስክሪብቶ እንዲሰጣት ጠየቀች። መዝገቡ «የልጆች» ስለሚል ግማሹ የእሷ ነው፤ የሚያከራክር አልነበረም። ወንድሟ የሂሳብ ሹም ሆኖ ፈረደላት። በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማልችል በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያመጣሁላት ነው። ሰማያዊ አትቀበልም፤ ጥቁር ነው የምትፈልገው፣ እሱም ክዳን ያለው።